«እንግዳ አታሳድር» ያለኝ ሐኪም

ይህን የምጽፈው ሚስቶቻቸው ለከበዱ ወንዶች ነው። ሴቶቹ ያውቁታል፤ ለነሱ የምነግራቸው ነገር የለኝም። እኔ ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ወደ እርሻ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ብዕር ከሞፈር ይከብደኛል። ዘንድሮ ግን ልጄ ይታይሽ ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ የተማረ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያስተምራል። ባለፈው ሐኪም ቤት ይዟት ሄዶ፣ ሐኪሙ «እናቷ በወሊድ ተቸግራ ታውቃለች?» ብሎ ቢጠይቀው «የለም» ብሎ ወጣ። ለምን አልነገርኸውም ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ የአማቴን ነገር እንዴት ብዬ በሰው ፊት ላውራ» አለኝ። አፍሮ ነው። ማፈር ለሰርግ ነው፤ ለሐኪም ቤት አይሆንም። በዚህ ተናድጄ ነው ለመጻፍ የተቀመጥሁት።

ሚስቴ አንጓች ከጎኔ ሆና ጥጥ ትፈትላለች። ስጽፍ ጮክ ብዬ ስለማነብ ትሰማኛለች፤ የተሳሳትሁ ሲመስላት ታርመኛለች። ከእርማቷ ደስ ያለኝን እጽፋለሁ፤ ደስ ያላለኝን እተዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው ጣልያን ጎጃም ሳይገባ ነው። ቤታችን ከይጁቤ ወዲህ ነበር። ምጡ ብዙ አላስቸገራትም። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉ እኔ ደጅ ቆሜ እሰማለሁ። የልጅ ልቅሶ ሰማሁ፤ ወንድ ነው ተባለ። እልልታውን ስጠብቅ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

በኋላ አማቴ እንደ ነገረችኝ እንግዴ ልጁ አልወጣም ነበር። ለማያውቅ ጎረምሳ ልንገረው፤ እንግዴ ልጅ ማለት ልጁ በሆድ ሳለ የሚመገብበት፣ እትብቱ የተያያዘበት፣ ከልጁ ኋላ የሚወጣው ነው። እሱ ካልወጣ ልጁ ቢወጣም እናቲቱ ገና አልተገላገለችም። ይህን ያኔ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ የለም። ወንድ ስለሆንሁ አይመለከተኝም አሉ፤ ሚስቴ ብትሞት ግን ቀባሪው እኔ ነበርሁ።

ሴቶቹ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ቅል ሰጥተው «እፍ በይበት» አሏት። ያስመልሳት ብለው የራሷን የጸጉሯን ጉንጉን አፏ ውስጥ ከተቱት። በመጨረሻ አዋላጇ እትብቱን ይዛ ሳበች። መጣ፤ እልል አሉ። የመጣው ግን ግማሹ ነበር።

ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። አንጓችን ትኩሳት ያዛት፤ ክረምቱን ሙሉ ተኛች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አሸታት። አንዷ «የሰው ዓይን ነው» ብላ አጠነቻት። ደብተራው ደግሞ መጣና «ሾተላይ ነው፤ ልጁን የበላ ለእናቲቱም አይመለስ» ብሎ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረ። ሾተላይ የሚሉትን እኔ አላየሁትም። ሽታውን ግን አውቀዋለሁ። ላሜ ወልዳ እንግዴ ልጁን ሳትጥል ስትቀር የምትሸተው ሽታ ነበር። ይህንኑ ብናገር ደብተራው «ሚስትህን ከላም ታስተካክላለህ?» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ።

የቀረው ራሱ በቁራጭ በቁራጭ እየወጣ አለቀ፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። ያዳናት እግዚአብሔር ነው፤ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የአማቴ የአጃ አጥሚት ነው። ክታቡ ምንም አልሠራም። እንዲህ ስል አንጓች ትሰማኛለች። «ተዉት፤ ሌላው ቢቀር አንገቴን አሙቆልኛል» ትላለች።

ከዚያ ጣልያን ገባ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ከተማው የጣልያን፣ ጫካው የአርበኛ። እኛ መካከል ላይ ቀረን። የአንጓች ታናሽ ወንድም ጫኔ ጫካ ገባ። አልፎ አልፎ ሲመሽ ተደብቆ ይመጣል፤ እህሉን በልቶ፣ እህቱን «እታለም፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ጎሕ ሳይቀድ ይሄዳል። ይህን ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ሁለተኛ ልጅ አልፈለግሁም። ፈርቼ ነው። አንጓች ግን አልፈራችም።

«የሚወልዱት አንቱ ነዎት እንዴ፣ የሚፈሩት?» አለችኝ።

አማቴ ብልህ ሴት ነበረች። «ሳትጠነክር አታረግዝም» ብላ ልጇን ከኔ አልጋ ለይታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ዓመት የሚሆን ጊዜ እዚያ አስቀመጠቻት፤ ተልባ፣ ማር፣ ጉበት፣ አጃ ሲሰጧት ከረመች። እኔ ብቻዬን እንደ መነኩሴ ኖርሁ። ስሄድ አማቴ በር ላይ ቆማ «ገና ናት» ትለኛለች፤ ስለ ጎመን የምታወራ ይመስላል። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ለወጣቶች የምመክረው ይህንኑ ነው። መሬት እንኳ ታርሶ ሳይከርም ዘር አይጣልበትም።

ተመልሳ መጥታ ብዙም ሳትቆይ ወሯ ቀረ። ያኔ ሐኪም ቤት ልወስዳት ቆረጥሁ። ማርቆስ ጣልያን ሐኪም ቤት ከፍቶ ነበር፤ ለወታደሩ ቢሆንም በገበያ ቀን ያገሬውን ሰው ያያል ይባላል። የቀረ እንግዴ ልጅ በእጃቸው እንደሚያወጡ የነገረኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ማርቆስ ጨው ይነግዳል፤ የቆየ ወዳጄ ነው። ሚስቱ ዘይነባ እዚያ ወልዳ ነበር።

ጫኔ ሲሰማ ከሰል መሰለ። «እህቴን ጣልያን እጅ ላይ ታስቀምጣለህ?»

«ጣልያን እጅ ላይ ትኑር፤ እኛ እጅ ላይ ከምትሞት» አልሁት።

አልፈቀደም፤ አልከለከለምም።

በገበያ ቀን በበቅሎ ጭኛት ገባሁ። በኬላው ዘበኞቹ ቀሚሷን እስኪያራግፉ ፈተሹን። ሐኪም ቤቱ ሲደረስ ነጩ በአንድ በር ይገባል፤ ወታደሩ በሌላ በር። እኛ በግንቡ ጥግ ፀሐይ ላይ ተደረደርን። ከፊታችን ጭኑን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ተቀምጧል። «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በሬ ወግቶኝ ነው።»

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት በሹክሹክታ «የዘንድሮ በሬ ደግሞ ከሩቅ ይወጋል» አለች። የሳቀ የለም። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ፀሐይዋ ከግንቡ ወዲያ ስትዞር ተራችን ደረሰ። ሐኪሙ ረጅም ነጭ ሰው ነው፤ ከጎኑ አንዲት መነኩሲት ቆማለች። አስተርጓሚው ሐጎስ ይባላል። ከመረብ ማዶ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ አማርኛውን ገበያ ላይ የተማረው ይመስላል። ሐኪሙን «ዶቶሬ» ይለዋል።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«አሁን ደህና ናት። ባለፈው ስትወልድ እንግዴ ልጅ ነው ያስቸገራት። እንዳይደገም ብለን ነው።»

«እንግዳ ልጅ?»

«እንግዴ ልጅ» አልሁት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ደንቆሮ ይመስል።

ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ቅንድቡን ሰቀለና ጠየቀ።

«ምን ያህል ጊዜ ተቀመጠ ይላል።»

«ክረምቱን ሙሉ።»

«ክረምቱን ሙሉ? ምን አደረጋት?»

«ደሟን ጨረሰው እንጂ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ።»

ሁለቱ ተነጋገሩ። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ሐጎስ ወደኔ ዞረና «ዶቶሬ እንዲህ ብሏል። ቤትህ እንግዳ አታሳድር። ማታ ማታ ሰው አይግባ። ሚስትህ ዕረፍት ያስፈልጋታል። ይህን ኪኒን ትዋጥ። ቀጥሎ ያለው ይግባ» አለ።

አማርኛው ልክ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል። ማታ ማታ ቤቴ ማን እንደሚገባ አውቀውብኛል ማለት ነው። ስለ ጫኔ የነገራቸው አለ። ኪኒኗን ይዤ፣ አንጓችን አስነሥቼ፣ ወደ ኋላ ሳላይ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አንጓች «ስለ ወሊዱ እኮ አንድ ነገር አልጠየቁም» አለችኝ።

«ዝም በይ። ስለ ጫኔ ነው የጠየቁት።»

በቅሎዋን ጎትቼ ፈጠንሁ።

ጫኔ በመጣ ጊዜ ገና ከመቀመጡ ነገርሁት። «ለጊዜው እዚህ አትምጣ።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ።»

«ሐኪሙ ስለኔ ምን አገባው? ማን ነገረው?»

«እኔ ምን ላውቅ። ማታ ሰው አታሳድር አለኝ።»

የጀመረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። «አያ ይሁኔ» አለኝ፣ «እህቴን ልታሳይ ሄደህ እኔን አሳይተህ መጣህ።» አንጓች እጁን ልትይዘው ብትል ቀስ አድርጎ አስለቀቃት። «እታለም፣ ከእንግዲህ የዚህን ሰው ደጅ ብረግጥ የአባቴ ልጅ አይደለሁም» ብሎ ጠመንጃውን አንሥቶ ሄደ።

ወሬው ወጣ። መንደሩ በፊቴ ምንም አላለኝም፤ ደቦ ስጠራ ግን የሚመጣው ሰው ሳሳ። ከኋላዬ «ባንዳ» የሚል ሰማሁ። አማቴም ለልጇ እንጂ ለኔ መናገር ተወች። እህል ልትሰጠኝ ስትመጣ መሶቡን ደጃፍ አስቀምጣ ትሄዳለች። ለሚስቴ ሕይወት ብዬ የሄድሁበት መንገድ ሁሉ ጠላት አፈራልኝ። ስለ ወሊዱ ደግሞ የያዝሁት ነገር አንድ መራራ ኪኒን ብቻ ነው።

የአንጓች ሆድ እየገፋ ሄደ። እግሯ አበጠ፤ ጣቴን ብጫንበት ጉድጓዱ አይመለስም። ራሷን ያማታል። እኔ ማታ ውሻ በጮኸ ቁጥር እነቃለሁ። ጫኔ ይሆን፣ ጣልያን ይሆን፣ ምጥ ይሆን፤ ሦስቱንም እፈራለሁ። ወደ ሐኪም ቤቱ ተመልሼ እንዳልሄድ ምያለሁ። ግትር መሆኔን አልክድም፤ ግትር ሰው ደግሞ ሚስቱ ከሱ የባሰች ግትር ካልሆነች አይድንም።

«አንቱ ቢቀሩ እኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ የምናገረው እኔው ነኝ። አንቱ ጥግ ይዘው ይቁሙ።»

ሄድን። ያው ግንብ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ሐጎስ። ገና ስንገባ አወቀንና ፈገግ አለ።

«እንግዶቹ እምቢ አሉ?»

አንጓችን አላሳቃትም። «አንተ ወንድሜ፣ አገርህ ላም አለ?» አለችው።

«አለ። አባቴ ከብት አለው።»

«ላም ስትወልድ መጀመሪያ ምን ይወጣል?»

«ጥጃው።»

«ከጥጃው ኋላስ?»

አንጓች እዚያው ሐኪሙ ፊት ወገቧን ጎበጥ አድርጋ፣ እጇን ወደ ኋላ ወስዳ፣ ከላም ኋላ የሚንጠለጠለውን አሳየችው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መነኩሲቷ ግን ከሐጎስ በፊት ገባት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እሱ ነው?» አለ ሐጎስ። ቆቡን አውልቆ ራሱን ያዘ። «እሱ ነው እንግዴ ልጅ የሚባለው? እኔ እኮ እንግዳ መስሎኝ! በኛ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ጋሻ ነው የሚባለው። እዚህ ጋሻን እንግዳ ትሉታላችሁ ሲሉኝ፣ የእንግዳ ልጅ ቤታችሁ ተቀምጦ ያስቸገራት መስሎኝ…»

«ጋሻ ለኛ የጦር ነው» አልሁት። በአንድ ቃል ቤቴ ፈርሷል፤ አማቼ ጠላቴ ሆኗል፤ መንደሬ ባንዳ ብሎኛል። ይህን ሁሉ እዚያ ልናገር አልችልም። ብናገር የጫኔን ነገር በአፌ ማውጣቴ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ።

ሐጎስ ለሐኪሙ ሲነግረው የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። አስተኛት። መለከት የምትመስል አጭር እንጨት ሆዷ ላይ ደቅኖ ጆሮውን አስጠጋ። እግሯን ተጫነ። ከዚያ በሐጎስ አፍ እንዲህ አለን፤ ሐጎስም አሁን እያንዳንዱን ቃል እየጠየቀ ነው የተናገረው። ጨው ቀንሱ። ወሯ ሲገባ እቤት አትሁን፤ እዚህ ከተማ ቅርብ ትሁን። ማንም እትብቱን እንዳይስብ። አንድ ጊዜ የቀረ ሌላም ጊዜ ሊቀር ይችላል። ይኸው ነው። ይህን ለመስማት መጀመሪያ ላም መሆን ነበረባት።

ወሯ ሲገባ ሰይድ ቤት ገባን። ጨው ነጋዴ ቤት ተቀምጠን አልጫ በላን። ዘይነባ ወጡን ለብቻዋ ትሠራላት ነበር፤ ሰይድ «የሰው ስም በጨው አልባ ወጥ ጠፋ» እያለ ይቀልዳል። እነዚህን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሥጋ ዘመዶቼ ፊት ሲያዞሩብኝ በራቸውን የከፈቱልኝ እነሱ ናቸው።

ምጡ አንድ ጠዋት መጣ። ገበያ ቀን አልነበረምና ዘበኛው በር ላይ ከለከለን። «ያገሬው ሰው ዛሬ አይገባም» አለ። እኔ መለመን ጀመርሁ። ዘይነባ ገፋ አድርጋኝ አለፈች።

«እንግዲያው ጠመንጃህን አስቀምጥና እጅህን ታጠብ» አለችው። «እዚህ ደጅ ላይ ብትወልድ አዋላጁ አንተ ነህ።»

ዘበኛው አንጓችን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ መንገድ ለቀቀ።

ስንገባ ሐኪሙ የለም። ደምበጫ በኩል ውጊያ ስለነበር ቁስለኛ ሊያይ ሄዷል። ያለችው መነኩሲቷ ብቻ ናት። አንጓችንና ዘይነባን አስገብታ በሩን ዘጋች፤ እኔ ግንቡ ሥር ተቀመጥሁ። ይህን ሁሉ ደክሜ፣ ይህን ሁሉ ተሰድቤ፣ በደረስሁበት ቀን ሐኪሙ የለም። ለማን ልቆጣ? ግንቡን ተቆጣሁት።

ቀትር ሲል ልጅ አለቀሰ። ተነሣሁ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ያው ጸጥታ ነው። በሩ ተከፈተና ሐጎስ ወጣ፤ ላብ አጥምቆታል። «እንግዴ…» አለና ቃሉን ፈራው። «እሱ ቀርቷል።»

«ግባ» አልሁት። «የምትላትን በትክክል ንገራት። ያልገባህን ጠይቅ። አትገምት።»

ተመልሶ ገባ። በኋላ ዘይነባ እንደ ነገረችኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር። መነኩሲቷ ስትናገር እሱ ለግድግዳው ይነግረዋል፤ «አትግፊ በላት»፣ «ተንፍሺ በላት»፣ «ያማል፤ ቶሎ ያልቃል በላት»። መነኩሲቷ እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ በእጇ ገባች። አንጓች አንድ ጊዜ ስትጮህ እኔም ውጭ ሆኜ ሰማኋት። ዳዊት በቃሌ የምደግም ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል እንኳ ጠፋኝ። የመጣልኝ «ማርያም» ብቻ ነው፤ እሱም የሴቶቹ ነው።

ከዚያ ሐጎስ ቆቡን ጥሎ ሮጦ ወጣ። አማርኛው ጠፍቶት በራሱ ቋንቋ ጮኸ።

«ጋሻ ወጺኡ! ጋሻ ወጺኡ!»

ከሱ ቋንቋ የማውቀው ቃል አንድ ነው፤ እሱ በቃኝ። እንግዳው ወጥቷል። ቁጭ አልሁ።

መነኩሲቷ ያወጣችውን በሳህን ዘርግታ፣ የተቀደደ ልብስ እንደሚገጥም ሰው ዳር ዳሩን እየገጠመች አየችው አሉ። ሙሉ ነው። ያን ባለፈው ማንም አላየውም ነበር። ወጣቶች፣ ይህን ልብ በሉ፤ ወጣ ሲሏችሁ ሙሉ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አንጓች ብዙ ደም ፈሷት ነበርና አልጋ ላይ ቆየች። እንድገባ ሲፈቀድልኝ ትኩሳቱን እፈልጋለሁ፤ ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ያን ሽታ ፍለጋ ጎንበስ እላለሁ። አልነበረም። የጡት ወተት ይሸት ነበር።

«ምነው እንደ ውሻ ያሸቱኛል?» አለችኝ። ያን ጊዜ እንደምትድን አወቅሁ።

ስንወጣ አንድ ነገር ቀረኝ። «እንግዴ ልጁን ስጠኝ» አልሁት ሐጎስን።

«ይቃጠላል። ሕጉ ነው።»

«የኔ ልጅ እትብት በጣልያን እሳት አይቃጠልም። ደጄ ላይ ይቀበራል።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ከዚህ አልነሣም» ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሰው በላዬ ተሻግሮ ገባ፤ በላዬ ተሻግሮ ወጣ። ሐጎስ ደጋግሞ መጥቶ ተቆጣኝ። በመጨረሻ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ለምን ታስቸግረኛለህ?»

«ያንተ የት ተቀበረ?» አልሁት።

«አባቴ ደጅ» አለ። ተነሥቶ ገባ። ሲመለስ አፉ በጨርቅ የታሰረ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዟል። እቅፌ ላይ አስቀምጦ «በል፣ እንግዳህን ሸኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

እንዳይሸት ሰይድ ቆርቆሮውን በጨው ሞላልኝ። «ለአልጫው ካሳ ነው» አለ። ኬላው ላይ ዘበኛው ጥይት የደበቅሁ መስሎት ቆርቆሮውን ቀማኝ። ጨርቁን ፈትቶ እጁን ከተተ። ፊቱን አዙሮ ቆርቆሮውን መለሰልኝና በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። በዚያ ዘመን ያልተፈተሸች በቅሎ እየነዳ ያለፈ ብቸኛ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቤት በገባን ዕለት አመሻሽ ላይ ጫኔ መጣ። እህቱ በሕይወት መግባቷን ሰምቷል። አጥሩ ጋ ቆመ፤ አልገባም።

«እታለም፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ገብተህ ልጄን እያት።»

«ምያለሁ። የሱን ደጅ አልረግጥም።»

ቆርቆሮውን ይዤ ወጣሁ። ቃል በቃል ነገርሁት፤ እንግዴ ልጅ ያልሁትን፣ ሐጎስ እንግዳ ብሎ የሰማውን፣ ሐኪሙ እንግዳ አታሳድር ያለውን። ጨርቁን ፈታሁለት። ጫኔ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ይኸ ነው እንግዳው?»

«ይኸ ነው።»

«እኔ ጫካ የከረምሁ፣ እህል በሩቁ የሸተተኝ፣ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው። አጥሩን ይዞ ሳቀ። ውስጥ አንጓች ሳቀች፤ አማቴም ሳቀች፤ ያን ቀን ነው እንደገና ያነጋገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ዛሬም ያናድደኛል።

ጫኔ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ «ዶማ አምጣ» አለኝ። መጥቶ በደጃፌ ሥር መቆፈር ጀመረ።

«መሐላህስ?» አልሁት።

«እየቆፈርሁ ነው እንጂ እየረገጥሁ አይደለም» አለ።

ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጎ ቆፈረው። የልጄን የይታይሽን እንግዴ ልጅ ከነጨው አስቀመጥነው፤ አፈሩን እሱ መለሰ። ኋላ ልጆች «የጣልያን ቤት ልጅ» ሲሏት ወስዳ ቦታውን ታሳያቸው ነበር። ዛሬ ባሏ ስሙን ለመጥራት ያፈረው ይህንኑ ነው። ነገ እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ። ቃሉን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ካልገባው አንጓች አብራን ናት፤ ላሟን ታሳየዋለች።

ያን ምሽት ጫኔ ገብቶ በላ። ልጅቷን ታቅፎ ተቀመጠ፤ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስሁትም። ሐኪሙ አታሳድር ያለኝን እንግዳ አሳደርሁ።